አንድ ተኩል ምት

በየዓመቱ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ምንም አለማወቄን እፈተናለሁ።

ፈተናው ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አንዲት ጸሐፊ ወንበር ላይ ታስቀምጠኝና አምስት መስመር የተሰመረበት፣ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ወረቀት ትዘረጋልኛለች። «ይሄ ምንድን ነው?» ትለኛለች። «ሽቦ ላይ የሰፈሩ ወፎች» እላለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ስቃ ነበር። አሁን አትስቅም፤ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አስራ ሁለት ጊዜ ተፈትኜ አስራ ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። በሕይወቴ ያለፍኩት ፈተና ይሄ ብቻ ነው።

ሳልፍ ደረቴ ላይ የሚሰካው ሰሌዳ ይታደስልኛል። «ንጹሕ ጆሮ፣ ቁጥር 4» ይላል። ስሜ የለበትም። ስሜ ታዘባቸው ቢምረው ነው፤ ዕድሜዬ ሃምሳ አምስት፣ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል፣ ሥራዬ በሙዚቃ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ መስማት።

ሥራው ቀላል ነው። ተማሪ የመመረቂያ ዜማውን ሲያቀርብ እኔ ከጉባኤው ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንገቴ ላይ አንድ ቀጭን ነገር ይለጥፋሉ። ሁለት እጄን የወንበሩ ክንድ ላይ ካለው ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ አሳርፋለሁ። ዜማው ይሰማል። እኔ ምንም አልናገርም፤ የሚጠይቀኝም የለም። የሚናገረው ትንፋሼና የእጄ ላብ ነው። ዜማው ሰውነቴን ከነካው ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይነሳል፤ ካልነካው እንደ ተኛ ይቀራል። የተማረ ሰው ለዚህ አይሆንም። የተማረ ሰው ሰውነቱም ይዋሻል ይላሉ። በዚች እንኳ ልክ ናቸው።

ተማሪዎቹ ሲገቡ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። ሁለተኛ ዲግሪው ስምንት ዓመት ነው። ድሮ ዜማ መድረስ ይማሩ ነበር አሉ። አሁን የሚማሩት መፈለግ ነው። ማኅደሩ ውስጥ አራት መቶ ቢሊዮን ዜማ ተመዝግቧል። አብዛኛውን ማሽን ነው አምጦ የወለደው፤ የሰው ጆሮ ገብቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ሁሉም ባለቤት አለው። ተማሪው የማንም ያልሆነ የአንድ ደቂቃ ዜማ ካገኘ ይመረቃል። ይህን ቀዳዳ «ክፍተት» ይሉታል። የተያዘ ዜማ እንዳይበክላቸው ስምንት ዓመት ሙሉ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ነው የሚሄዱት። ኮሪደር ላይ ስታገኛቸው ሰላም የሚሉህ በእጅ ነው። ከመቶው ሰባቱ ይመረቃሉ።

የተመረቀው «ደራሲ» የሚል ፈቃድ ይይዛል። ዜማ ማስመዝገብ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ያልተመዘገበ ዜማ ደግሞ በአፍም በመሣሪያም ማሰማት ክልክል ነው፤ የተመዘገበውንም ያለ ባለቤቱ የፈቃድ ወረቀት። በየምሰሶው፣ በየደረጃው፣ በየኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ላይ አድማጭ አለች፤ የጣት ጥፍር የምታህል ግራጫ ነገር። ወሬህ ጉዳይዋ አይደለም፤ የምትለቅመው ዜማ ብቻ ነው። ሰው ሁሉንም ይለምዳል። የሰፈራችን ቆራሌው ጠርሙስና ቆርቆሮ ሊሰበስብ ሲመጣ ቃሉን እንደ ዜና አንባቢ ያነበዋል። እናት ልጇን ስታስተኛ ጀርባውን መታ መታ ታደርጋለች እንጂ አታዜምም። እድራችን ሁለት የለቅሶ ዜማ አለው፤ አንድ ለአዋቂ፣ አንድ ለሕፃን። የአዋቂው ሊፍት ሲከፈት የሚሰማውን ይመስላል።

አባቴ ቢምረው አዝማሪ ነበር። እናቴ አልጣሽ በ2051 ዓ.ም. ስትሞት መቃብሯ ላይ ቆሞ በማሲንቆ አንድ ዜማ ተጫወተ። ከዚያ በፊት ማንም አልሰማውም፤ ራሱም አልሰማውም። መሃል ላይ አንድ ቦታ ደጋኑ ቆመ። እንባውን በክንዱ ሊጠርግ ነው የቆመው። ጠርጎ ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ያንን ዜማ ባነሳ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ ይቆማል፤ እንባ ኖረም አልኖረም። አንዳንዴ ያጥራል፣ አንዳንዴ ይረዝማል። ዜማዋን እቤት ውስጥ «አልጣሽ» እንላት ነበር።

ሕጉ የወጣው በ2058 ነው። ከመውጣቱ በፊት ሁለት ዓመት ያህል የተማሩ ሰዎች መቅጃ ይዘው በየመንደሩ ዞሩ። አባቴ የጠየቁትን ሁሉ ሰጣቸው፤ ስልሳ ሁለት ዜማ። ሁሉም አሁን በሌላ ሰው ስም ነው። አስራ አንዱ መመረቂያ ሆነው ሰው አስመርቀዋል። «አልጣሽ»ን ግን ደበቃት። የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ወዲህ በአፉም በማሲንቆውም አንድ ቀን አላሰማትም። የሚያስታውሳት በጣቱ ነው። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥና የግራ እጁን ጣቶች፣ ልክ የማሲንቆ አንገት እንደያዘ ሰው፣ ጭኑ ላይ ያንቀሳቅሳል። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ በራሴ ጭን ላይ አንቀሳቅሳለሁ። አድማጯ ጣሪያ ላይ ሆና ምንም አታገኝም። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። እዚያ ቦታ ስንደርስ ሁለታችንም ጣት እናቆማለን። እሱ ሲቀጥል እቀጥላለሁ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሐኪሟ አባቴ ለፋሲካ አይደርስም አለች። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

«በዚያ በሊፍት እንዳትቀብረኝ» አለኝ።

«ሊፍቱ እኮ ወደ ላይ ነው የሚወስድህ አባዬ፤ ምን ቸገረህ?»

«የቸገረኝ በሩ ሲከፈት የምትስቅብኝ እናትህ ናት። ‹ስልሳ ሁለት ዜማ አውጥተህ በዚህ መጣህ?› ትለኛለች።»

ከዚያ ቀና ብሎ አድማጯን አያት። ዜማ ሳያስነካ፣ ልክ እንደ ቆራሌው፣ እንዲህ አለ።

«ጆሮ ግንብ ላይ ሰቅለው አፌን ቢከለክሉኝ፣
ጣቴ ይዘፍናል፣ ይምጡና ይቁረጡኝ።»

አልመጡም። ጣት እንደሚዘፍን መች ያውቃሉ።

የፈለገው አንድ ነገር ነው። መቃብሩ ላይ «አልጣሽ» በማሲንቆ እንድትሰማለት። እኔ ልጁ ነኝ፤ ይህን ማድረግ ያለብኝ እኔ ነኝ። ፈቃድ የለኝም። ፈቃድ ያለው ሰውም አላውቅም ነበር፤ ከፕሮፌሰር ሶፎንያስ አክሊሉ በስተቀር።

ስለ እሱ ልናገር። የመመረቂያ ጉባኤው ሰብሳቢ ነው። በ2045፣ ሃያ ዓመቴ ሳለ፣ ማሲንቆዬን ይዤ እዚሁ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኜ ነበር። እሱ ያኔ ወጣት አስተማሪ ነው። ሁለት ደቂቃ ሰማኝና እጁን አነሳ።

«ኖታ ታነባለህ?»

«አላነብም ጌታዬ።»

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት።»

አጠገቡ ወደ ተቀመጡት ዞሮ «እጅ አለው፤ ጭንቅላት የለውም» አለ። ሳቁ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። «ግን እስከ መጣህ ድረስ» አለኝ፣ «ከውጭ የመጡ እንግዶች ምሳ ላይ ናቸው። ቆም በልና አዝናናልን።» ቆሜ አዝናናሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሲጨርሱ የተረፈ ጥብስ በወረቀት ሳህን ሰጡኝ። በላሁት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መሳቃቸው አይደለም፤ መብላቴ ነው።

ከዚያ ስንት ሥራ ዞሬ ይሄው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ጆሮ ሆንኩ። እስከ አስራ አንደኛ ዓመቴ ድረስ ከፊቱ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ቀን አላወቀኝም።

ሶሊያና ስምንተኛ ዓመቷ ላይ የነበረች ተማሪ ናት። ሁለት ጊዜ ለጉባኤ ቀርባ ሁለቴም ጆሮዋ እኔ ነበርኩ፤ ሁለቴም መስመሬ እንደ ተኛ ቀረ። ክፍተቱን አግኝታ ነበር። ማንም ያልያዘው ግን የሚያዝ ነገር ስላልነበረው ነው። ሦስተኛው የመጨረሻዋ ነበር። ሦስት ጊዜ የወደቀ ይሰረዛል፤ ማኅደሩን ስምንት ዓመት የገለበጠ ሰው የተበከለ ነው ተብሎም ዕድሜውን ሙሉ ድምፅ ያለበት ሥራ አይሰጠውም። አንዱን አውቀዋለሁ፤ የዓሣ መጋዘን ውስጥ በረዶ ይሰብራል። በረዶ ድምፅ የለውም ብለው ይሆናል።

ጆሮዎች ከጉባኤ በኋላ የምናርፍበት ክፍል አለ። ግድግዳው ስፖንጅ ነው፤ እዚያ ስትቀመጥ የራስህ ደም ሲሄድ ይሰማሃል። አድማጭ የሌለበት ብቸኛ ክፍል እሱ ነው። እዚያ የሚሰማ ነገር አይኖርም ተብሎ ነው። የካቲት መግቢያ ላይ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በወደቀች ቀን፣ እዚያ ገብታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጥጡን ከጆሮዋ አውጥታ በእጇ ጨብጣዋለች።

«እዚህ መግባት ክልክል ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ ጋሽ ታዘባቸው። ሊያስወጡኝ ነው?»

በስሜ የጠራኝ ተማሪ ኖሮ አያውቅም።

«ማን ነገረሽ ስሜን?»

«ጥበቃውን ጠየቅኩት። ሁለት ጊዜ የጣለኝን ሰው ስም ማወቅ አለብኝ ብዬ።»

«እኔ አልጣልኩሽም። ዜማሽ ነው የጣለሽ።»

«እሱን አሁን ከሚነግሩኝ ባያስወጡኝ ይሻል ነበር» አለችና ሳቀች። ክፍሉ ሳቋን ወዲያው ዋጠው።

በስሜ ስለ ጠራችኝ ነው የነገርኳት። ሌላ ምክንያት የለውም። ማንም ያልያዘው ዜማ አለኝ አልኳት።

«ሁሉም እንደዚያ ይላል ጋሼ። የሁሉም ሰው አባት አንድ ዜማ ነበረው። ገብተን ስንፈልገው አለ።»

«ይሄ የለም።»

ትንሽ አየችኝ። «ቢኖር ምን ይፈልጋሉ?»

ነገርኳት። ውላችን ይሄ ሆነ፤ ዜማው በሷ ስም ይመዘገባል። የአባቴ ስም አይገባም፤ ምንጭ ያለው ዜማ አዲስ አይባልም። በተመረቀች ማግስት ለአባቴ ቀብር የፈቃድ ወረቀት ትጽፍልኛለች፤ ለአንድ ጊዜ፣ ለአንድ ቦታ፣ በማሲንቆ።

ማታውን አባቴን ጠየቅኩት።

«ሴት ናት?» አለኝ።

«ሴት ናት።»

«ተምራለች?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ።»

«ምስኪን» አለ። ጣቶቹን ጭኑ ላይ አንቀሳቀሰ፣ አቆመ። «ስጣት። ዜማ ሚስት አይደለም፤ ለሌላ ቢሄድ አያስቀናም። ብቻ እዚያ ቦታ ላይ እንደሚቆም ንገራት።»

በማግስቱ እዚያው ክፍል ውስጥ አዜምኩላት። ሃያ አንድ ዓመት ያላወጣሁት ድምፅ ነው። ሲወጣ የአባቴ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በእርሳስ ትጽፋለች። እዚያ ቦታ ስደርስ ቆምኩ።

«ረሱት?» አለችኝ።

«አልረሳሁም። እዚህ ጋ ይቆማል።»

«ስንት ምት?»

«ምት የለውም።»

«ዝምታም ምት አለው ጋሽ ታዘባቸው። ሁለት ነው? ሦስት?»

«እስኪበቃው ነው።»

እርሳሱን አስቀመጠች። «እስኪበቃው የሚባል ምልክት የለም። ባዶ ብተወው ማሽኑ ስህተት ነው ብሎ ይዘጋዋል። እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገምኩ። ሦስተኛ ደገምኩ። በሰዓቷ ለካችው፤ ሦስቱም ተለያየባት። ደምራ ለሦስት አካፈለችው።

«አንድ ተኩል» አለች፤ በሁለቱ ወፎች መሃል ትንሽ ቆልመም ያለች ጭረትና አንዲት ነጥብ አደረገች። «ይሄው። አሁን ዝምታውም አለ።»

አባቴ ቢሰማ ምን እንደሚል አሰብኩ። አልነገርኩትም።

በሳምንቱ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። ጆሮዋ በጥጥ ተደፍኗል። አጠገቤ ስትደርስ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ባዶ ነው። ማኅደሩ ውስጥ የለም ማለቷ ነው። እንደ ልጅ እየሮጠች ሄደች።

ጉባኤው መጋቢት 3 ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ስፖንጁ ክፍል ጠራችኝ።

«ነገ እርስዎ እንዳይቀመጡ። ዜማውን ያውቁታል። እርስዎ ዝም ቢሉ ሰውነትዎ ያውቀዋል። ቁጥር ሁለት ይቀመጥልኝ። እርስዎ አሞኛል ይበሉ።»

«እሺ።»

«ይማሉልኝ።»

«አባቴ ይሙት!» አልኩ።

አፌ የለመደው መሐላ ነው፤ የሁላችንም አፍ ነው። ከወጣ በኋላ ግን ሁለታችንም ደነገጥን። እሷ ወለሉን አየች። እኔ ሳል ያዘኝ።

የሕመም ወረቀቱን ከክሊኒክ አወጣሁ። መጋቢት 3 ጠዋት ለባብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ተኝቷል። ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። አሁን ሶፎንያስ ወንበሩን እየሳበ ነው፣ አሁን መነጽሩን እየጠረገ ነው እያልኩ አስብ ጀመር። የአባቴን ዜማ ሊሰማ ነው። አንገቱን ይነቀንቃል። ሲነቀንቅ ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ቁጥር ሁለት ነው፤ ቁጥር ሁለት ደግሞ ምኑን ያውቃል? ያንን አንገት ማየት ያለበት ጥብሱን የበላው ሰው ነው። አስራ አንድ ዓመት አላዋቂ መስዬ ኖሬያለሁ፤ አንድ ደቂቃ ምን ያቅተኛል አልኩ።

ቁጥር ሁለትን በሩ ላይ አገኘሁት።

«ታሟል አሉኝ እኮ!» አለኝ።

«ተሻለኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔም ወገቤን ነው» ብሎ ሄደ።

ስቀመጥ ሶሊያና አየችኝ። ጥጥ በጆሮዋ ነው፤ ጉባኤ ፊት ተማሪ አይናገርም። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ። እኔ አይኔን ወደ ሶፎንያስ አዞርኩ።

ዜማው ተጀመረ። ማሲንቆ አይደለም፤ የማሲንቆ ድምፅ ነው። ቢሆንም እሷ ናት። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ዜማው ነው፣ ቀዩ እኔ ነኝ። ቀዩ ተነሳ። በአስራ አንድ ዓመት እንደዚያ ተነስቶ አያውቅም። የጉባኤው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሶፎንያስ ወደ ፊት ተጠጋ፣ አይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ነቀነቀ። አንድ ጊዜ። አየሁት። ያ ጥብስ ሠላሳ አራት ዓመት ከቆየበት ከሆዴ የወጣ መሰለኝ።

አይኑን ሲገልጥ እጄን አየ።

እኔም አየሁት። የግራ እጄ ጣቶች ሰሌዳው ላይ ይሄዳሉ። ዜማውን አይከተሉም፤ ይቀድሙታል። ላቁማቸው ብዬ ጫንኳቸው፤ እንቢ አሉኝ። ሃያ አንድ ዓመት የሄዱበት መንገድ ነው። ከዚያ እዚያ ቦታ ደረስን። ጣቴ ቆመ። ትንፋሼ ቆመ። ዜማው አንድ ተኩል ቆጥሮ አለፈ። እኔ እዚያው ነኝ። የአባቴን ጣት እየጠበቅኩ ነበር።

«አቁሙት» አለ ሶፎንያስ።

ቆመ።

«ጆሮው ዜማውን ይቀድመዋል» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን አጠገቡ ለተቀመጡት ነው የሚናገረው። «እዚህ ጋ ደግሞ ተመልከቱ። ዜማው ሄዷል፣ ጆሮው ቀርቷል። ምን እየጠበቀ ነው?»



«ስምህ ማን ነው?» አለኝ።

«ታዘባቸው ቢምረው።»

«ዜማውን የት ሰማኸው?»

የአባቴን ስም ብጠራ ሰዎች ቤታችን ይመጣሉ።  ከአፌ የወጣው ግን ይሄ ነው፤ «ፕሮፌሰር ያውቁኛል። በአርባ አምስት፣ ምሳ ላይ፣ ለእንግዶቹ ማሲንቆ የተጫወትኩት እኔ ነኝ።»

አየኝ። ከልቡ ሊያስታውስ ሞከረ፤ እሱን አልዋሽበትም። ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ «ሰውየው ደህና ነው?» አለ።

ውሳኔው ሰባት ደቂቃ ወሰደ። ዜማው ከማኅደሩ ውጭ በሰው ዘንድ ስለሚታወቅ አዲስ አይደለም። ባለቤቱ ስለማይታወቅ ይዘጋል፤ ሃምሳ ዓመት ማንም አያሰማውም። ቁጥር ተሰጠው። ሶሊያና ተሰረዘች።

በሩ ላይ ጥጡን ከጆሮዋ አውጥታ መሬት ላይ ጣለችው። ከእንግዲህ አያስፈልጋትም።

«አባቴ ይሙት ብለው ነበር» አለችኝ።

 ወደ ታክሲ ተራው ሄደች።

እኔን አላባረሩኝም። ጥሩ ጆሮ በቀላሉ አይገኝም፤ የተበከለ ጆሮ ግን መጽዳት አለበት። ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝና እጄን ሰሌዳው ላይ አሳረፉት። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጋሼ ነው የሚሉኝ፣ ምሳ ከነሱ ጋር ነው የምበላው። የተዘጋ ዜማ ለማጽጃ ይፈቀዳል። «አልጣሽ»ን ከፈቱ። ጣቴ ቀደመ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቆመ። እንደገና ከፈቱ። በቀን አርባ ጊዜ። ማታ እዚያው እተኛለሁ። በአምስተኛው ቀን መቅደሙ ቀረ። በሰባተኛው ቀን እዚያ ቦታ ላይ ጣቴ ይወዛወዝ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አረንጓዴውና ቀዩ መስመር አንድ ላይ ሄዱ፣ አንድ ላይ አንድ ተኩል ቆሙ፣ አንድ ላይ አለፉ።

«ንጹሕ ነዎት ጋሼ» አለኝ አንደኛው። «እቤትዎ መሄድ ይችላሉ።»

በእነዚያ ቀናት አባቴን የምታየው ጎረቤታችን ወይዘሮ ኤልዳና ነበረች፤ የእድሩ ሊቀመንበርም እሷ ናት። በሩ ላይ ተቀበለችኝ። «እጁ ታስሯል» አለችኝ። «ከትናንት በስቲያ ጀምሮ። ይናገራል፤ እጁ ግን አይታዘዝም።»

መስኮቱ አጠገብ ትራስ ደግፋ አስቀምጣዋለች። እጆቹ ጭኑ ላይ ተኝተዋል፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስላሉ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ስለ ጉባኤው አልጠየቀኝም። የፈቃድ ወረቀቱንም ነገር አላነሳም። አንዴ ፊቴን አየ፤ በቃው።

«በል እንግዲህ አንተ አስኪዳት» አለኝ።

ጣቴን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ጀመርኩ። አይኑን ጣቴ ላይ ተክሎ ይከተላል። ደህና እየሄድኩ ነበር። ደህና እየሄድኩ መስሎኝ ነበር።

«ወዴት ትቸኩላለህ?» አለኝ።

ደግሜ ጀመርኩ። እዚያ ቦታ ላይ ልቆም አስቤ፣ ጥርሴን ነክሼ ደረስኩ፤ ጣቴ ግን አለፈ። ሦስተኛ ሞከርኩ። አባቴ አይኑን ከጣቴ አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ ቆራሌው ቃሉን እያነበበ ያልፋል።

«ተዋት» አለ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ቀብሩ ላይ ማሲንቆውን ይዤ ሄድኩ። ጠዋት ቁጭ ብዬ ጭራውን ከማሲንቆውም ከደጋኑም ፈትቼዋለሁ፤ እንጨትና ቆዳ ብቻ ነው። ወይዘሮ ኤልዳና አየችው።

«ምን ልታደርግ ነው አንተ?»

«ድምፅ የለውም።»

«ድምፅ ከሌለውማ ምን አገባኝ» አለች። ደግሞ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እዚያ ጥግ ቁም፣ ምሰሶው እንዳያይህ» አለችኝ። ምሰሶው እንደማያይ ታውቃለች።

የእድሩ ዜማ ተከፈተ። ሊፍቱ። ሳጥኑ ወረደ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ባዶውን ደጋን በባዶው ማሲንቆ ላይ ሳብኩት። ሰዎች አዩኝና አይናቸውን መለሱ። ግራ እጄ ሄደ፤ እያንዳንዱን ቦታ ያውቀዋል፣ አልተሳሳተም። እዚያ ቦታ ስደርስ እንባዬ መጣ። በክንዴ ልጠርገው ፈለግኩ። ምክንያት ነበረኝ፤ የመጀመሪያው ቀን አባቴ የነበረው ምክንያት ነበረኝ። እጄ አንድ ተኩል ቆጥሮ አለፈ። እንባው ሳይጠረግ ወረደ።

ባለፈው መስከረም ተፈተንኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። አዲስ ወረቀት ነው፤ ጥጉ ላይ «የተዘጋ» የሚል ማህተምና ረጅም ቁጥር አለበት። የተዘጉትን ለፈተና ይጠቀሙባቸዋል። ማንም ስለማያሰማቸው አይባክኑም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽቦ ላይ የሰፈሩ ወፎች።»

ጣቷ በመስመሩ ላይ እየሄደ መሃል ላይ ቆመ። ቆልመም ያለች ጭረት፣ አጠገቧ አንዲት ነጥብ።

«ይሄስ?»

በእርሳስ ስትጻፍ ያየኋት ምልክት ናት። ስንት እንደሆነች አውቃለሁ። አሁንማ ሰውነቴም ያውቃል።

«ወፍ የበረረበት ቦታ» አልኳት።

ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው አለፈች።